የወገብ ዲስክ መንሸራተት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል ወይ? ስለ ሸማኔው ባለቤቴ ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ — የሽሮ ሜዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ባለቤቴ ሕመም የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ዕድሜው አርባን ያለፈ ሸማኔ ሲሆን ሙያውን ከአባቱ ተምሮ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲተዳደርበት ኖሯል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳኝ ሸማኔ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያሳለፈ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣል፤ የዓመት በዓል ትእዛዝ ሲበዛማ ከመቀመጫው የሚነሣው ለምሳ ብቻ ነው።

ከሁለት ወር ገደማ በፊት አንድ ቀን ጠዋት የተጠቀለለ ድር ከወለል ሲያነሣ ወገቡን ያዘው። የተለመደው ሕመም ነው ብለን በቅባት አሸነው፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን ሕመሙ ከግራ መቀመጫው ተነሥቶ በጭኑ ኋላና በባቱ ጎን እስከ እግሩ አውራ ጣት ድረስ ይነዝረው ጀመር። ሲቀመጥና ሲያስነጥስ ይብስበታል፤ ቆሞ ሲንቀሳቀስ ግን ትንሽ ይሻለዋል። ኤምአርአይ ተነሥቶ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ትራስ መሰል ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ መጫኑ ተነገረን። ያየው ሐኪም ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ አዝዞለት፣ ካልተሻለው ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል ገልጾልናል።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ የየራሱን ይመክራል። አንዱ ወጌሻ ይየው ይላል፤ ሌላው ሳንቃ ላይ ተኝቶ ሳይነሣ አንድ ወር ይክረም ይላል፤ የወገብ ቀበቶ ገዝቶ ያመጣለትም አለ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ ሳያስፈልገው ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት አልፈልግም፣ ፈርተን ዘግይተንም እግሩ እንዲሰንፍ አልፈልግም። ያለ ቀዶ ሕክምና መዳን ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነስ ምን ማድረግ አለበት፣ እስከ መቼስ መጠበቅ ይቻላል?


መልስ — ፊዚዮቴራፒስት፣ ከጎንደር

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት። ሕመሙ የሚሄድበትን መንገድ በግልጽ ስለጻፉልን ብዙ መረዳት ይቻላል። ከመቀመጫ ተነሥቶ በባት ጎን እስከ አውራ ጣት የሚወርድ፣ በመቀመጥና በማስነጠስ የሚብስ ሕመም አምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥር ሲቆጣ በብዛት የሚታይ ነው፤ ከኤምአርአዩ ውጤት ጋርም ይገጥማል።

ለዋናው ጥያቄዎ መልሴ አዎን፣ ይችላል የሚል ነው። ከዲስክ መንሸራተት የተነሣ እግራቸው ድረስ የሚያማቸው አብዛኞቹ ሰዎች ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ከቦታው የወጣውን የዲስክ ክፍል ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ በመከላከያ ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል፣ በውስጡ ያለው ውኃም እየተመጠጠ ይሟሽሻል፤ በነርቩ ዙሪያ የተነሣው ብግነት (መቆጣትና ማበጥ) ሲበርድ ደግሞ ሕመሙ አብሮ ይቀንሳል። ብዙ ታካሚዎች ለማመን የሚቸግራቸው፣ በፎቶው ላይ ትልቅ መስሎ የሚያስደነግጠውና ከሽፋኑ ፈጽሞ የወጣው ዲስክ በጥቂቱ ካበጠው ይልቅ የመሟሸሽ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ ነው።

በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ለባለቤትዎ ሁኔታ በጣም ቅርብ ነው። ከ6 እስከ 12 ሳምንት የቆየ ከባድ የእግር ሕመም የነበረባቸው 283 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው የቀሩት ያለ ቀዶ ሕክምና እየታከሙ እንዲጠብቁ ተደረገ። ቶሎ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከሕመማቸው ፈጥነው ተገላገሉ፤ በዓመቱ ግን ከሁለቱም ወገን 95 በመቶ ያህሉ ማገገማቸውን ተናገሩ። እንዲጠብቁ ከተደረጉት መካከል 39 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙን መቻል አቅቷቸው በመካከሉ ቀዶ ሕክምና ማድረጋቸውንም ልነግርዎ ይገባል። ቀዶ ሕክምና ለአብዛኛው ሰው የሕመሙን ጊዜ የሚያሳጥር ምርጫ ነው፤ ግዴታ የሚሆነው ነርቩ ሥራውን ማቆም ሲጀምር ነው።

ለዚህም ነው ከኤምአርአዩ ወረቀት ይልቅ እግሩን እንድትመለከቱ የምለምናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና ምንም ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ምርመራ የሰበሰበ ትንተና፣ በ40 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት ጤነኞች ግማሽ ያህሉ ያበጠ ዲስክ እንደሚገኝባቸው አሳይቷል። ወረቀቱን በኪሳቸው አጥፈው ይዘው ጫማቸውን ለማሠር እንኳን ጎንበስ ማለት የፈሩ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ከሕመሙ ያልተናነሰ የሚጎዳቸው ይህ ፍርሃት ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ቤት ውስጥ ይህን ያድርጉ። ጫማውን አውልቆ ከግድግዳ አጠገብ በተረከዙ ብቻ ጥቂት እርምጃ ይራመድ፣ ቀጥሎ ደግሞ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ። ከዚያ ይቀመጥና የሁለቱን እግሮቹን አውራ ጣቶች ወደ ላይ ሲያነሣ እርስዎ በእጅዎ ወደ ታች ይጫኑ። የግራው ከቀኙ ይልቅ ከደከመ ይህ ከፎቶው የበለጠ ቁም ነገር ነው፤ ያገኙትን ጻፉልን።

ሳንቃ ላይ ተኝቶ ይክረም የሚለውን ምክር ግን አይቀበሉ። በሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ድንገተኛ የወገብ ሕመም ይዟቸው ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዕለት ሥራቸውን የቀጠሉት፣ አልጋ ላይ እንዲያርፉ ከታዘዙት ፈጥነው እንደተሻላቸው አሳይቷል። የእግር ሕመም ሲጨመርበት አንድ ሁለት ቀን ማረፍ አይከፋም፤ ከዚያ ያለፈው መኝታ ጡንቻን ከማስነፍ በቀር የሚጠቅመው የለም። የሳንቃው ነገርም እንዲሁ ነው፤ በስፔን እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ላለባቸው የተሻለ ሆኖ የተገኘው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ እንጂ በጣም ጠንካራው አልነበረም። በጎኑ ተኝቶ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ቢያደርግ ሌሊቱ ይቀልለዋል፤ ሲነሣም ወደ ጎን ተገልብጦ እግሮቹን አስቀድሞ በማውረድ፣ በክንዱ እየገፋ ይነሣ።

ከእንቅስቃሴዎች ሁሉ አስቀድሜ የማስጀምረው ይህን ነው። በሆዱ ተዘርግቶ ጥቂት ደቂቃ ይተኛ፤ ይህን ሲችል በክርኖቹ ተደግፎ ደረቱን ከፍ ያድርግ፤ ከቀናት በኋላም ወገቡን አላልቶ፣ ዳሌው ከምንጣፉ ሳይነሣ በእጆቹ እየገፋ ወደ ላይ ይነሣና ይመለስ፤ ይህንም አሥር ጊዜ ያህል፣ በቀን ውስጥ ደጋግሞ። መለኪያው ሕመሙ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ከባቱ ወደ ጭኑ፣ ከጭኑ ወደ መቀመጫውና ወደ ወገቡ እየተሰበሰበ ከመጣ፣ ወገቡን ለጊዜው ቢብሰው እንኳን በጎ ምልክት ስለሆነ ይቀጥል። ወደ እግሩ ወርዶ ከበረታ ወይም መደንዘዙ ከጨመረ ግን ያቁም፤ ለእርሱ የሚስማማው ሌላ አቅጣጫ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ አይቶት ይወስን።

በሽመናው ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ተሽሎት ወደዚያው አቀማመጥ ከተመለሰ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የተቆጣውን ነርቭ ዕረፍት ይነሳዋል። መቀመጫው ላይ ጠንከር ያለ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ጨምሮ ዳሌው ከጉልበቱ ከፍ እንዲል ያድርግ፤ ከፍ ሲል መርገጫው እንዳይርቀው ገመዱን ያሳጥረው፤ የተሸመነውንም ቶሎ ቶሎ እየጠቀለለ የሚሠራበት ቦታ ወደ ሆዱ ቅርብ እንዲሆን ያድርግ፣ ሸማኔ ይበልጥ የሚጎነበሰው ሥራው ወደ ፊት ሲርቅበት ነውና። በየግማሽ ሰዓቱ ከጉድጓዱ ወጥቶ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ለጠጥ ይበል፣ ግቢውንም አንድ ዙር ይራመድ። ሥራውን ሙሉ በሙሉ እንዲተው አልመክርም፤ በአጭር ሰዓት ጀምሮ በየሳምንቱ እየጨመረ ይመለስ።


መልስ — ጠቅላላ ሐኪም

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ እኔ ስለ መድኃኒቱና መዘግየት ስለማይገባው ሁኔታ ልጨምር።

ዳይክሎፌናክ ለአጭር ጊዜ ብግነትን ያበርዳል፤ ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። በአጽዋማት ወቅት ታካሚዎች በባዶ ሆዳቸው እየዋጡ ጨጓራቸው ደምቶ ሲመጡ አያለሁና ባለቤትዎ የሚጾም ከሆነ መድኃኒቱን ምግብ በሚበላበት ሰዓት ይውሰደው፤ የጨጓራ መከላከያም ሐኪሙን ይጠይቅ። ከአይቡፕሮፌን ጋር ደርቦ አይውሰድ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት ናቸውና። ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። ፓራሲታሞል ለድንገተኛ የወገብ ሕመም መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን የተሻለ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ለነርቭ ሕመም ተብሎ የሚሰጠው ፕሪጋባሊንም እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ ወደ እግር በሚወርድ ሕመም ላይ ተሞክሮ ሕመሙን አልቀነሰም፤ የማዞር ችግርን ግን ጨምሯል። ትራማዶልን ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ አደራ እላለሁ፤ ሱስ ያስይዛል። በአከርካሪ ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ለአንዳንድ ሰው ለሳምንታት ያህል መጠነኛ ፋታ ይሰጣል፤ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳው ከስፔሻሊስት ጋር ሊመክርበት ይችላል።

አሁን ወደ አስቸኳዩ ልለፍ። በብልቱና በፊንጢጣው ዙሪያ፣ ማለትም በቅሎ ሲቀመጡበት ኮርቻው በሚነካው ቦታ መደንዘዝ ከተሰማው፣ ሽንቱ አልወጣ ካለው ወይም ሳያውቀው ካመለጠው፣ ሰገራውን መቆጣጠር ካቃተው ወይም ሁለቱም እግሮቹ ከከዱት በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ወዳለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በዚህ ጊዜ ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ውስጥ ካልተደረገ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ሐኪሞች ሊዘነጉት የማይገባ ሌላም ነገር አለ። የአከርካሪ ቲቢ ሳል ሳይኖር በወገብ ሕመም ብቻ ሊጀምር ይችላል። ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ተኝቶም የማይለቅ ሕመም ካለ ይህ መመርመር አለበት። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያረባ ሰው ደግሞ ብሩሴላ በተባለ ከከብት በሚተላለፍ ተህዋሲ ምክንያት ተመሳሳይ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ በወገብ ማሸት ሰበብ ወራት ሲያልፍባቸው ግን አከርካሪውን ይበላሉ። እርስዎ ከገለጹት እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁም፤ ቢሆንም ሌላ አንባቢም ስለሚያየው ጻፍሁት።


መልስ — የደብረ ብርሃኑ ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ እግዚአብሔር ባለቤትሽን ይማርልሽ። ለረጅም ዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስላስተማርሁ በዚሁ ሕመም ተይዤ ነበርና ከሕክምናው ጎን ያለውን ኑሮ ልንገርሽ።

እኔን የጠቀመኝ የእግር ጉዞ ነው። መጀመሪያ ከቤቴ እስከ ጎረቤቴ በር፣ ቆየት ብሎም እስከ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፤ ሕመሙ ከመበርታቱ በፊት እመለሳለሁ፣ ማታም እደግመዋለሁ። አሁን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነችው ልጄ እንዳነበበችልኝ፣ በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሎ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቀስ በቀስ እስከ 30 ደቂቃ መራመድን የለመዱት ሕመሙ ሳያገረሽባቸው በመካከለኛ ግምት 208 ቀን ሲቆዩ ያልተራመዱት የቆዩት 112 ቀን ነው። ለመራመድ ደግሞ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ለሽሮ ሜዳ ሰው የእንጦጦ መንገድ ቅርብ ነው፣ ዳገቱን ግን እስኪበረታ ድረስ ይተወው።

ስለ ስግደትም ላንሣ፣ ብዙ ሰው ሐኪም ፊት የማያነሣው ጉዳይ ነውና። ከመሬት ወድቆ መነሣት ለታመመ ወገብ ከባድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን በስግደት አታስገድድም፤ ለንስሐ አባቱ ነግሮ እስኪድን ድረስ ቆሞ ይጸልይ። በማኅሌትና በቅዳሴ ጊዜም በመቋሚያው ይደገፍ፣ ሲደክመው ወጣ ብሎ ይንቀሳቀስ።


መልስ — የመርካቶው

የወጌሻ ነገር እንደ ዋዛ መታለፉ አላስደሰተኝም። አያቶቻችን በወጌሻ እጅ ድነዋል፤ እኔም ወገቤ ሲያዝ ታሽቼ ተሽሎኛል። ድሀ ሰው ፊዚዮቴራፒ ከየት አግኝቶ ይታከማል? ቀበቶውስ ምን ጉዳት አለው?


መልስ — ፊዚዮቴራፒስት፣ ከጎንደር

ወንድሜ፣ ያነሡት ተገቢ ጥያቄ ነው። የባለሙያ እጥረት መኖሩ እውነት ነው፤ ስለዚህም ነው ቤት ውስጥ ያለ ወጪ የሚሠራውን አስቀድሜ የጻፍሁት። ባለሙያ አንድ ሁለት ጊዜ ካየውና እንቅስቃሴውን ካስተማረው የቀረውን ሕክምና ራሱ ቤቱ ሊቀጥለው ይችላል፤ በመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታሎችም ክፍሉ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ያወጣው መመሪያ ማሸትን ሊጠቅሙ ከሚችሉት መካከል አስቀምጦታል፤ ከትምህርት፣ ከአካል እንቅስቃሴና ከሥነ ልቦና ድጋፍ ጋር። ስለዚህ ጡንቻን በለዘብታ የሚያሽ ወጌሻ ያሳርፍ ይሆናል። እኔ የምቃወመው እግርን መጎተትን፣ ወገብን ማጣመምንና ጀርባ ላይ ቆሞ መርገጥን ነው፤ ነርቩ በተጫነ ሰው ላይ ይህ ሲደረግ እግር ሊሰንፍ ይችላል። መጎተትና የወገብ ቀበቶ በዚያው መመሪያ ካልተመከሩት መካከል ናቸው። የጠያቂዋ ባለቤት ቀበቶውን ለአንድ መንገድ ቢያስሩት አይገድላቸውም፤ ተማምነውበት ጡንቻቸውን ማሠራት እንዳይተዉ ነው የምሰጋው።


ምላሽ — የሽሮ ሜዳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያላችሁትን ዛሬ ማታ አደረግን። በጣቶቹ ጫፍ ሁለቱንም እግር እኩል ይቆማል። በተረከዙ ሲራመድ ግን የግራ እግሩ ፊት እንደ ቀኙ ከፍ አይልም፤ አውራ ጣቱንም ስጫነው የግራው ቶሎ ይወርዳል። እርሱ ራሱ መርገጫውን ሲረግጥ እግሩ ዘገም እንደሚልበት አሁን ነገረኝ። ሽንቱ ደህና ነው፣ ትኩሳትም የለውም። በሆዱ ሲተኛ የባቱ ሕመም ወደ ጭኑ ከፍ ብሎለታል። ይህ ምን ማለት ነው? እንጠብቅ ወይስ እንሂድ?


መልስ — ጠቅላላ ሐኪም

እህቴ፣ ሂዱ። የሌሊት ድንገተኛ አይደለም፤ ግን ከዚህ ሳምንት አይለፍ። የነርቭ ወይም የአጥንት ቀዶ ሐኪም የእግሩን ጉልበት ለክቶ፣ ከዜሮ እስከ አምስት በሚሰጠው ደረጃ በካርዱ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁት። ዛሬ የተጻፈው ቁጥር ከሌለ በሁለተኛው ቀጠሮ መሻሉን ወይም መባሱን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

ድክመቱ ቀላል ከሆነና ካልጨመረ፣ በቅርብ ክትትል እንቅስቃሴውን እየሠሩ መጠበቅ ይቻላል፤ በጉዞና በእንቅስቃሴ ጉልበቱ የሚመለስለት ሰው ብዙ ነው። የባቱ ሕመም ወደ ጭኑ መሰብሰቡም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ድክመቱ በቀናት ውስጥ ከጨመረ፣ ሲራመድ የእግሩ ጣቶች መሬቱን መጎተት ከጀመሩ ወይም ከመጀመሪያው የተለካው ጉልበት ከሦስት በታች ከሆነ፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ቢመክራችሁ በፍርሃት አትመልሱት። እንዲህ ባለ ጊዜ የተጫነውን ዲስክ ማንሣት ለነርቩ የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል፤ ለዚህ ሥራ ዛሬ የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም ብዙ ጊዜ በትንሽ ቁስል የሚሠራና በማግስቱ የሚያስነሣ ነው።

ስትሄዱ የኤምአርአዩን ፊልም ከነሲዲው፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ እሽግ፣ የደም ግፊትና የጨጓራ ታሪክ ካለውም እርሱን ያዙ። እስከዚያው በየማታው በተረከዙ ያራምዱት፣ አውራ ጣቱንም ይጫኑትና ያዩትን በቀኑ ላይ ይጻፉት፤ ለሐኪሙ ያሳዩታል። ጉድጓዱ ውስጥ መቀመጡን እስከ ቀጠሮው ይተው፤ ድር ማዞሩንና ሌላውን ቆሞ የሚሠራውን ሥራ ግን ይቀጥል።